ፊቴን ለሌዘር ከመስጠቴ በፊት

ነገሩን ያነሳችው ልጄ ናት። አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። "እማ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ፤ መጨማደዱ እንዲቀንስ ፊትሽን ሌዘር እናሠራው" አለችኝ በስልክ። ደስ አለኝ። ለብዙ ጊዜ በልቤ ይዤው የኖርኩትን ነገር ነው የነካችው።

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዓይኖቼ ጫፍ የሚነሱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በቅንድቦቼ መሀል ጠለቅ ያሉ ሁለት ቋሚ መስመሮች አሉ። ጉንጬ ሳሳ ብሎ ተሸብሽቧል፤ ማዲያትም አለበት። በዚህ ዕድሜ ስለ መልክ መጨነቅ ከንቱ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ወሎ ውስጥ ያደገች ሴት ስለ መልኳ እየተነገራት ነው የምታድገው። የጎረቤት እናቶች ፊታችንን በሁለት እጃቸው ይዘው "ማሻአላህ" እያሉ አሳድገውናል። ያ ሁሉ ፍቅር ያረፈበትን ፊት መንከባከብ ነውር የለውም።

ስለዚህ ጉዳዩን በደንብ ያዝኩት። አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ደጋ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጠይም ፊት ይዘው ለሚኖሩ ሴቶች ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ምክር ለሌላ ቆዳና ለሌላ አገር የተጻፈ ነው።

የግብርና ባለሙያ ነኝ። አሁን ደሴ ቢሮ ውስጥ ብሠራም መስክ መውጣት አልቀረልኝም። ወጣትነቴ ያለፈው ደግሞ ደላንታ፣ ወረኢሉና ለጋምቦ ውስጥ ነው፤ ከገበሬው ጋር፣ ከማሳ ማሳ። በተለይ ጥርና የካቲት። የተፋሰስ ሥራ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ እርከን ይሠራል። እኛ ደግሞ ገመድና ውሃ ልክ ይዘን መስመሩን እናወጣለን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አየሩ ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ ትናፈቃለች። ማንም ጥላ አይፈልግም።

ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ሳይታወቅ ነው። ቆዳን በዋናነት የሚያስረጀው የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ብርድ ቢሆንም ይኖራል። ጨረሩ ከባሕር ወለል ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የሚያርፍብን ጨረር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ደላንታና ለጋምቦ ውስጥ ደግሞ ከደሴ በጣም ከፍ የሚሉ ቦታዎች አሉ።

ከጨረሩ ዓይነቶች ዩቪኤ የሚባለው ወደ ቆዳው ጠልቆ ይገባና ኮላጅንን ይበጣጥሳል። ኮላጅን ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ፕሮቲን ነው። ዩቪኤን የመኪና የጎን መስታወት በደንብ አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ ፎቶ አለ። ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ፊቱ ተጨማዶ ተንጠልጥሏል። ቀኙ የሌላ ሰው ይመስላል። ያን ፎቶ ሳይ በደሴና በአዲስ አበባ መሀል የሚመላለሱት ሾፌሮቻችን ናቸው የታወሱኝ። እኔም ፒካፕ ውስጥ ሁልጊዜ በቀኝ መስኮት በኩል ነበር የምቀመጠው። ቀኝ ጉንጬ ከግራው የባሰ ነው።

ከፎቶው በላይ ያሳመነችኝ ግን እህቴ ናት። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው የሠራችው። ከሱቅ ስትወጣ ጃንጥላ ትይዛለች፤ ለቅርብ መንገድም ቢሆን። ኮምቦልቻም ከደሴ ዝቅ ያለች ናት። አብረን ስንሄድ የማያውቀን ሰው ታላቋ እኔ ነኝ ብሎ ነው ሰላምታ የሚሰጠው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን። ያደግነው አንድ ማዕድ ላይ ነው።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 5 ዓመታት የቆዳ ኮላጅን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሴቶች ስለዚህ ነገር አንነጋገርም፤ ልንነጋገር ይገባል። "በአንድ ዓመት ውስጥ አረጀሁ" የምትል ጓደኛ ካለችሽ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሌዘሩ ልምጣ።

አዲስ አበባ እንደደረስኩ ልጄ መጀመሪያ የወሰደችኝ ወደ አንድ የውበት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። ተቀባይዋ ፊቴን በቅጡ ሳታይ ዋጋ ነገረችኝ። ጥቅል ካደረግሁት ቅናሽ እንዳለው ጨመረችበት። ማነው የሚሠራው ብዬ ስጠይቅ "ሥልጠና የወሰዱ ልጆች አሉን" አለች። ሐኪም አለ ወይ ስላት ጥያቄዬን አለፈችው። ማሽኑ ምን ዓይነት እንደሆነም ሊነግረኝ የቻለ ሰው አልነበረም። የጠየቁኝ ገንዘብ ከአንድ ጥሩ የእርሻ በሬ ዋጋ ይበልጣል። በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፣ ይነዳል፣ ሰው ይጠየቅበታል። ለፊቴ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ልቀበል አልፈለግሁም። ተነስተን ወጣን።

ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ደስ ይላል። ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና መብራት አበራችብኝ። "እስኪ ይኮሳተሩ" አለችኝ። ተኮሳተርኩ። "ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ። አሁን ደግሞ ይሳቁ። አሁን ዝም ብለው ይዩኝ።" ጉንጬን በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። እንዴት እንደሚመለስ አየች። ከዚያ በኋላ ነው ማስረዳት የጀመረችው። እኔም የዚያን ቀን የተማርኩት ከዚያ በፊት ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል።

የፊት መስመር ሁሉ አንድ አይደለም። ስንኮሳተር ወይም ስንስቅ የሚወጣው መስመር ምንጩ ጡንቻ ነው። ፊታችን ዝም ባለበትም የሚታየው ቀጭን ሽብሽብ ከቆዳው ከራሱ ነው፤ ፀሐይና ዕድሜ ያመጡት ነው። ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው እጥፋት ደግሞ ከቆዳው ሥር ያለው ስብና አጥንት ከዕድሜ ጋር ስለሚቀንስ ነው የሚጎላው። ሌዘር በደንብ የሚሠራው መካከለኛው ላይ ነው።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የቅንድቤ መሀል ነበር። ማሳ ላይ ቆሜ ስለ ዘር ሳስረዳ ገበሬዎቹ "እታለም፣ ምን ከፋሽ?" ይሉኛል። አልከፋኝም። ፊቴ ነው እንዲያ የሚለው። ፀሐይ ላይ ዓይንን እያጠበቡ መኖር ያመጣው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ የገባ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ጠለቀ። ልጄ ሌዘር ስትለኝ በልቤ ያሰብኩት ያ መስመር ሲጠፋ ነው። ሐኪሟ ግን "እሱን ሌዘር ብቻውን አያጠፋውም፤ ጡንቻው መልሶ ያጥፈዋል" አለችኝ።

ለእሱ የሚሆነው ቦቶክስ ነው። ጡንቻውን ለጊዜው የሚያዝል መርፌ ነው። ታሪኩን ወደድኩት። ጂን ካራዘርስ የምትባል የካናዳ የዓይን ሐኪም መድኃኒቱን ለዓይን ቆብ መርገብገብ ትሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አንዲት ታካሚዋ ግንባሬ ላይ ለምን አልወጋሽኝም ብላ ቅር አላት። ስትወጋ ከግንባሯ ላይ መጨማደዱ እንደሚጠፋላት አስተውላ ነበር። ሐኪሟ ማታ ለባሏ ነገረችው። እሱ የቆዳ ሐኪም ነው። ከዚያ አብረው አጠኑት። ለቅንድብ መሀል መስመር አሜሪካ ውስጥ በይፋ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንዲት ታካሚ ስለ ራሷ ፊት ያየችውን ተናግራ፣ ሐኪሟም ሰምታት የመጣ ነገር ነው።

የቆዳ ቀለም ለቦቶክስ ችግር አይሆንም። ጥቁር ሆንሽ ቀይ፣ ጡንቻው አንድ ነው። የሚቆየው ግን ከ3 እስከ 4 ወር ነው። ከዚያ መደገም አለበት። አልፎ አልፎ የዓይን ቆብ ለሳምንታት ዝቅ ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። የትም ብትወጉ "የት ነው የምታስቀምጡት? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ሐኪሟ ጄኔሬተር እንዳላቸው ነገረችኝ፤ ፍሪጁንም አሳየችኝ። እንዲህ ያለ ሐኪም ይባረክ።

ስለ ፊለር ብዙ አልልም። ከቆዳው ሥር ሞልቶ እጥፋቱን የሚያነሳ መርፌ ነው። በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊገድል፣ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ሆኖም ጉዳቱ ቢደርስ ወዲያው የሚረዳኝ ሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊሆን ነው። ለእኔ ይህ በቂ መልስ ነው።

አሁን ሌዘሩ እንዴት እንደሚሠራ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኩማር ፓቴል የሚባል ሳይንቲስት ነው የፈለሰፈው። ብርሃኑን የሚውጠው ውሃ ነው። ቆዳ ደግሞ ብዙ ውሃ አለው። ስለዚህ የላይኛውን ቆዳ በቅጽበት ያተናል፤ ከሥር ያለውን በሙቀት ይቀሰቅሰዋል። ቁስሉ ሲድን አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ኤርቢየም የሚባለው ዓይነት ሙቀቱ ከዚህ ያነሰ ነው። በድሮው አሠራር የፊት ቆዳ በሙሉ ይነሳ ነበር። ለማገገም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ቅላቱ ደግሞ ለወራት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍራክሽናል የሚባለው አሠራር መጣ። በጣም ጥቃቅን ነጥቦችን ብቻ ይመታል። በነጥቦቹ መሀል ጤነኛ ቆዳ ስለሚተርፍ ቶሎ ይድናል። ከእነዚህም ውስጥ የላይኛውን ቆዳ ሳያነሳ ከሥር ብቻ የሚያሞቅ ለስለስ ያለ ዓይነት አለ። እሱ ከ3 እስከ 5 ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል፤ በየመሀሉም ሳምንታት ማረፍ ያስፈልጋል። ውጤቱም ቀስ ብሎ ነው የሚታየው፤ ኮላጅን ለመሠራት ወራት ይፈልጋል።

የእኛ ቆዳ አደጋው ሙቀቱ ነው። ቀለም የሚያመርቱት ሴሎቻችን ሲሞቁና ሲቆስሉ ከልክ በላይ ያመርታሉ። ቁስሉ ይድናል፣ ጥቁረቱ ይቀራል። ብጉር ያፈነዳ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሐኪሞች ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ ከ1 እስከ 6 ይመድቡታል። እኔን 5 ላይ ነው የመደበችኝ። ከ4 ጀምሮ ያለ ቆዳ ከሌዘር በኋላ የመጥቆር ዕድሉ ከፍ ይላል። ጥቁረቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ማዲያት ካለ ደግሞ ሙቀቱ ሊያብሰው ይችላል። እኔ ሁለቱም አሉብኝ።

ሐኪሟ አልከለከለችኝም። ጠይም ቆዳ ላይም እንደሚሠራ አሳየችኝ። የነጥቦቹን ብዛት መቀነስ፣ በየመሀሉ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት፣ መጀመሪያ ከጆሮ ፊት ለፊት ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ለሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን የማታደርግ ክሊኒክ ካጋጠመችሽ እግርሽን አንሺ።

አንድ ጥያቄዋ ደግሞ በጣም ገረመኝ። "ከንፈርዎ ላይ ምች ይወጣብዎታል?" አለችኝ። ይወጣብኛል። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ነበር የምትቀባልኝ። ለካስ ምች የምንለው ያ የከንፈር ቁስል በኸርፐስ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ሌዘር ሊቀሰቅሰው፣ የቆሰለው ፊት ላይም ሊያሰራጨው ይችላል። ስለዚህ ምች የሚወጣባት ሴት ከሌዘሩ በፊት የቫይረስ መድኃኒት መጀመር አለባት። የውበት ቤቷ ይህን አልጠየቀችኝም።

ቀጥሎ እኔ ጠየቅኋት። "ከተሠራሁ በኋላስ?" መልሱ ረጅም ነበር። ፊትን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ባዝሊን መቀባት፣ ቅርፊቱን አለመላጥ። ለሳምንታት ከፀሐይ መራቅ፣ ከዚያም ለወራት መጠንቀቅ። ከአቧራ መራቅ። ከምጣድና ከምድጃ ሙቀት መራቅ። ወይባ ጭስ መሞቅ አይታሰብም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እኔ ሳነጻጽር የነበረው ማሽንን ከማሽን ነበር። የሚያስፈልገኝ ከማሽኑ በኋላ የምመለስበትን ኑሮ መመዘን ነበር። ማሽኑ ሩቅ ነው፤ ፀሐይዋ ደጄ ላይ ናት። ጥር ላይ ብሠራ የካቲት እርከን ላይ ነኝ። ፊቴ ሳያገግም ያው ጨረር ይጠብቀኛል። አዲሱን ኮላጅን አሮጌውን ያጠፋው ራሱ ይበላዋል። ጥላ የሌላት ሴት ሌዘር ብትሠራ ገንዘቧን ለፀሐይ ሰጠች ማለት ነው።

ስለዚህ ከጥላ ጀመርኩ። ከጨረሩ ከግማሽ በላዩ የሚወርደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሰዓት የማያስፈልገው ምልክትም አለ። ጥላሽ ከቁመትሽ ካጠረ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። የመስክ ሥራዬን ጠዋት በማለዳ አደረግሁት። ገበሬውም ወዶታል። ሰፊ ጃንጥላ ያዝኩ፤ ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣም ገዛሁ። ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል። ፊት ላይ ጣል ስታደርጊው እጥፍ አድርጊው።

የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን በተመለከተ ብዙ ሰው "እኛ ጥቁሮች ነን፣ ምን ያደርግልናል?" ይላል። ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ እንዳለው እውነት ነው። ግን ያ መከላከያ በቁጥር ሲለካ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ ልክ) 13 ገደማ ነው፤ የጠይም ከዚያም ያነሰ ነው። ኤስፒኤፍ 30 የሆነ ክሬም በደንብ ከተቀባ ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ያግዳል። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ መቀባት፣ ውጪ ከዋልሽ ደግሞ በየ2 ሰዓቱ መድገም ያስፈልጋል። አውስትራሊያ ውስጥ ለአራት ዓመት ተኩል የተሠራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የታተመው። በየቀኑ እንዲቀቡ የተነገራቸው ሰዎች ቆዳቸው፣ እንደፈለጉ ከሚቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ አርጅቶ ተገኘ። ሰዎቹ በአብዛኛው ነጮች ናቸው። ኮላጅናችን ግን ከኮላጅናቸው አይለይም።

ነጭ የሚያደርገውን ክሬም እኔም አልወደውም፤ ፊት ላይ ዱቄት የነፋበት ያስመስላል። ቀለም ያለው ይሻላል። አይረን ኦክሳይድ የሚባል ነገር አለበት። ያ ደግሞ ማዲያትን የሚያብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ያግዳል። ደሴ ሁልጊዜ ስለማላገኘው ልጄ ከአዲስ አበባ ትልክልኛለች።

ሌሊት ደግሞ ትሬቲኖይን ጀምሬያለሁ። የቫይታሚን ኤ ዘር ነው። ፋርማሲ ውስጥ በብጉር መድኃኒትነቱ ነው የሚታወቀው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ለብጉር ተፈቀደ። የሚቀቡት ጎልማሳ ሴቶች ቆዳችን ለሰለሰ፣ መስመራችን ቀነሰ እያሉ ለአልበርት ክሊግማን ይነግሩት ጀመር። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ነበር። መርምሮ በ1986 አሳተመ። በ1995 ለቀጫጭን የፊት መስመሮች ተፈቀደ። (ይኸው ሰው ፊላደልፊያ ውስጥ በእስረኞች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ይወቀሳል። መድኃኒቱን ስቀባ ያን አልረሳም።) ለመጨማደድ ከሚቀቡ ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ለብዙ ዓመት የተጠና የለም። ከሌዘር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በጣም ትንሽ ነው።

አጠቃቀሙ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ፊት ታጥቦ በደንብ ይደርቅና አንዲት የአተር ፍሬ የምታክል ለመላው ፊት ትበቃለች። መጀመሪያ በየሦስት ሌሊቱ ነው። ከዚያ ቆዳው ሲለምድ ይጨመራል። ይልጣል፣ ያሳክካል፣ ይቀላል። ቸኩሎ ማብዛት ለእኛ ቆዳ አደጋ አለው። ያ ቁጣ ራሱ ጥቁረት ሊተው ይችላል። ውጤቱ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ነው። እርጉዝ ሴት አትጠቀመውም፤ ልትፀንስ ያሰበችም እንደዚያው። የእኔ ጉንጭ መለስለስ ጀምሯል። የዓይኔ ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮችም ፈዘዝ ብለዋል። የቅንድቤ መሀል ያው ነው፤ ከእሱም አልጠበቅሁም።

ማይክሮኒድሊንግ የሚባልም አለ። በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳውን ነካክቶ ኮላጅን ማስነሳት ነው። ሙቀት ስለሌለው ለጠይም ቆዳ ከሌዘር ያነሰ አደጋ አለው። መርፌው ንጹሕ፣ ሠሪው ባለሙያ ከሆነ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ቤት ውስጥ ራስ በራስ መሥራቱን ግን አልመክርም።

አሁን በጣም ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። በየውበት ቤቱና በየመደብሩ "ፊት የሚያጠራ" እየተባለ የሚሸጥ ቅልቅል አለ። ብዙው ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን አለበት። እነዚህ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ናቸው። መጀመሪያ ሰውን ያማልላሉ፤ ቁጣውን ሁሉ ስለሚያጠፉ ፊት ያበራል። ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሳሉ። የደም ሥር ይወጣል፣ ብጉር ይፈላል፣ መስመሩ ይበዛል። ስታቆሚው ደግሞ ፊትሽ ይቃጠላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት ከሰው ፊት መቆም አቅቷት ነበር። መጨረሻ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዳ የቆዳ ሐኪም አየቻት። ቀስ በቀስ አወጧት። የቆዳ ሐኪም ፍለጋ ሁልጊዜ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ቦሩ ሜዳ እዚሁ ደሴ አጠገብ ነው። ስም የሌለው፣ የያዘው ነገር ያልተጻፈበት ብልቃጥ ፊታችሁ ላይ አታድርጉ።

ስለ ወይባም ይጠይቁኛል። ወይባ የኛ ነው፤ የሙሽራ፣ የአራስ፣ የእናቶቻችን ወግ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ሽታው ብቻውን ያሳርፋል። እናቴ ግን ስትሞቅ ብርድ ልብሱን አንገቷ ላይ ታስር ነበር፤ ፊቷን ከጭሱ ውጪ ታደርጋለች። "ፊት አይጨስም" ትል ነበር። ዛሬ ፊታቸውን ጭምር የሚሞቁ አሉ። ማዲያት ላለባት ሴት ያ ሙቀት ጥሩ አይደለም። የእናቴን አሠራር ያዙ።

ከልጄ ጋር በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ገንዘቡ ይቀመጥ። ትሬቲኖይኑንና ጥላውን እስከ ግንቦት መጨረሻ እቀጥላለሁ። ሰኔ ላይ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ከጆሮዬ ፊት ያለችው ትንሽ ቦታ ትሞከራለች። ትሬቲኖይኑን ከዚያ በፊት መቼ እንደማቆም እሷ ትነግረኛለች። የምች መድኃኒቱንም ታዝልኛለች። ሰኔን የመረጥኩት ክረምት ስለሚከተል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዓመት ፈቃድ እወስዳለሁ። ፀሐይዋ በደመና ትሸፈናለች። ስስ ደመና ጨረሩን ሁሉ ባያግድም ቤት ውስጥ መዋል እችላለሁ። የሞከርነው ቦታ ከጠቆረ ሌዘሩ ይቀራል፤ አልቆጭም። ካልጠቆረ ለስለስ ያለውን ዓይነት ለጉንጬ ብቻ እሠራለሁ። የቅንድቤን መሀል በተመለከተ ቦቶክሱን አንድ ጊዜ ልሞክረው አስቤያለሁ፤ ቀጣዩ የመስክ ሥራ ሳይጀመር። በየአራት ወሩ አዲስ አበባ የመመላለስ አቅሙ ይኑረኝ አይኑረኝ ከዚያ በኋላ አያለሁ።

የሰኔው ሙከራ ሲያልፍ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ፤ ቢጠቁርም ባይጠቁርም። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። አብሽሩ።